ልጁ ተመርቆ የት ይገባል? የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናና የአካባቢው ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጃቸውን ፖሊ ቴክኒክ ለማስገባት የሚያመነቱ ወላጆች አሉ። አዲስ ዘርፍ ክፈቱ የተባሉ የኮሌጅ ሰዎች አሉ። «ሠልጣኝ ተቀበሉ» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ባለ ጋራዦችም አሉ። ሁሉም የሚያነሱት ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ የሠለጠነውን ልጅ የሚቀጥር ሰው በአካባቢው አለ ወይ? ከታች ያሉት በብዛት የሚነሱት ናቸው። መልሶቹ እኩል አይረዝሙም፤ ጉዳዮቹም እኩል አይደሉምና።

ሥልጠናን ከአካባቢው የሥራ ፍላጎት ጋር ማጣጣም ሲባል ምን ማለት ነው?

ዘርፉ ከመከፈቱ በፊት «ይህን ልጅ ማን ይቀጥረዋል?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። ቀላል ይመስላል። ብዙ ቦታ ግን ነገሩ የሚጀመረው ከሌላው ጫፍ ነው። አሠልጣኝ አለ። ከፕሮጀክት የመጣ ማሽን አለ። ከላይ የወረደ የቅበላ ኮታ አለ። ስለዚህ ዘርፉ ይከፈታል። ቀጣሪው ትዝ የሚለው ምረቃ ሲደርስ ነው፤ ያውም ለምረቃ መጽሔቱ ማስታወቂያ ሲፈለግ።

ደግሞ አንዴ ተጠንቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጧጧፍ አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሽያኑ፣ ብሎኬት አምራቹ በአንድ ጊዜ ተፈለገ። ኮብልስቶንም በየከተማው ብዙ ወጣት እንጀራ በልቶበታል፤ ዲግሪ ይዞ ድንጋይ የሚጠርብ ልጅ የቀልድ መነሻ እስኪሆን ድረስ። ግን መንገድ ተነጥፎ ያልቃል። ግንበኝነትና ሴራሚክ ማንጠፍ አብሮ የቻለ ልጅ ወደ ሌላ ሥራ መሻገሪያ አለው። ድንጋይ መጥረብ ብቻ የያዘው ቀጣዩን ፕሮጀክት ይጠብቃል።

ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም እንዴ?

አይደለም። የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ። ወዲያው በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ከዘርፎቹ አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር፤ ከእንጨት ሥራ፣ ከብረታ ብረት፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከእርሻ መካኒክስና ከኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ጋር። ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ አንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ሥሩ እዚያ ነው። አዲስ አበባ ያለው ተግባረ ዕድ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ የ1930ዎቹ ነው።

በወረቀት በኩልም የጎደለ ነገር የለም። የቴክኒክና ሙያ አዋጅ ቁጥር 954/2008 አለ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዘርፉን የሚመራ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ቆሟል። ሠልጣኝ የሚመዘንበት የሙያ ደረጃም ተዘጋጅቷል። የሚጎድለው ኮሌጁ ካለበት ወረዳ ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው።

መጠይቅ በትነን ነበር። ሁሉም ድርጅት «የሠለጠነ የሰው ኃይል እንፈልጋለን» ብሎ መለሰ። ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ?

መጠይቁን ይቀይሩት። «ምን ዓይነት ሰው ትፈልጋላችሁ?» የተባለ ሥራ አስኪያጅ የሚነግርዎት ምኞቱን ነው። ምኞት ደመወዝ አይከፍልም።

ያለፈውን ይጠይቁ። ባለፈው ዓመት ማንን ቀጠራችሁ? ስንት ከፈላችሁት? ማስታወቂያ አውጥታችሁ ሰው የጠፋው ለየትኛው መደብ ነው? ማሽን ሲቆም ማንን ነው የምትጠሩት? እሱስ ከየት ነው የሚመጣው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። አበል ተከፍሎት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቴክኒሽያን ካለ፣ እዚያ ጋ እውነተኛ የሥራ ቦታ አለ ማለት ነው። ድርጅቱም ለዚያ ሥራ ገንዘብ እንደሚያወጣ አሳይቷል።

ኮምቦልቻን እንውሰድ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። ቢራ ፋብሪካ አላት። ብረታ ብረት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደብ አላት። ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ናት። ከሩቅ ያየ ሰው ወዲያው «ጨርቃ ጨርቅ ይከፈት» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይዩ። ክር የምትቀጥለዋን ኦፕሬተር ፋብሪካው ራሱ በጥቂት ሳምንት ያሠለጥናታል። ለዚያ ሁለት ዓመት ኮሌጅ መቀመጥ አያስፈልጋትም። ቢራውም፣ ጨርቁም፣ ብረቱም በጋራ የሚፈልጉት ሌላ ነው፦ ቦይለር የሚያውቅ፣ ኮምፕረሰር የሚፈታ፣ ሞተር የሚያስነሳ፣ የኮንትሮል ፓኔል ሽቦ ተከትሎ ብልሽቱን የሚያገኝ ሰው። ይህ ልጅ አንዱ ፋብሪካ ቢዘጋ ሌላው ይወስደዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎቹ ተዘርፈው ሥራ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ከተማ አንድ ማሽን ብቻ የሚያስተምር ሥልጠና አያዋጣውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአካባቢ ፍላጎት ሲባል ሁላችንም ወደ ጭስ ማውጫው ነው የምናየው። አብዛኛው ሰው የሚሠራው ግን እዚያ አይደለም። ጋራዥ፣ እንጨትና ብረታ ብረት ቤት፣ ሆቴል፣ የሞባይል ጥገና፣ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። እነዚህ ሰዎች መጠይቅ አይሞሉም። ኢሜይልም አያዩም። ጠዋት ሱቅ ከፍተው ደንበኛ ሳይበዛ በእግር መሄድ ነው ያለው።

ትልቅ ፋብሪካ ከመጣ ለእሱ ማሠልጠን ብቻ አይበቃም?

ሐዋሳ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ከገጠር ሲዳማ ሴቶች ልጆች ተመልምለው፣ ተመዝነው፣ ልብስ ስፌት ላይ ተቀመጡ። ከሥልጠናና ከምልመላ አንጻር ብዙ የተለፋበት ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበር፣ በመጀመሪያው ዓመትም የሠራተኛው ፍልሰት በአማካይ መቶ በመቶ እንደደረሰ ጽፏል። ማለትም ፋብሪካዎቹ በዓመት ውስጥ የሠራተኛቸውን ብዛት ያህል ሰው እንደገና መቅጠር ነበረባቸው። ልጅቷ መስፋት አቅቷት አይደለም የሄደችው። ከደመወዟ የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ የሚተርፍ ነገር ስለሌለ ነው።

ከዚያ ሌላው መጣ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች። ከፓርኩ ትልልቅ ስሞች አንዱ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ መውጣቱን አሳወቀ። ይህን ውሳኔ ሐዋሳ ያለ ኮሌጅ ሊያስቀረው አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ «ፍላጎት አለ» ሲባል ደመወዙን አብረው ይጠይቁ። የማያኖር ደመወዝ የሚከፈልበት ክፍት ቦታ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በሥልጠናም አይሞላም። ሁለተኛ፣ ለአንድ ቀጣሪ ብቻ አታሠልጥኑ። ስፌት የምትማር ልጅ ማሽኑን መጠገን፣ ፓተርን ማውጣትና ዋጋ መተመን ብትጨምርበት ፓርኩ ቢዘጋም የራሷን ቤት መክፈት ትችላለች።

ልጄ አውቶ መካኒክ እየተማረ ነው። መንገዱ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። ጊዜው ያለፈበት ሙያ ነው እንዴ?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከተማውን ሳያውቁ የሚመለስ ግን አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገን አይዲ ፎሩ፣ ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክሱ እንደ ጉድ በዛ። ኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። ፍሪሲዮን የለውም። የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ሠልጣኙ ደግሞ ዎርክሾፕ ውስጥ ካርቡሬተር እየፈታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብሎ ካርቡሬተር ብቻ የሚያስተምር ኮሌጅ፣ እውነት ለመናገር፣ ልጁን እያታለለው ነው።

ግን ሁሉም አልተቀየረም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ሱስፔንሽን፣ መሪ፣ ኤሲ፣ የበር መስታወት ኤሌክትሪክ አሁንም አለ። መንገዱ ያው መንገድ ስለሆነ ባትሪ የጫነ ከባድ መኪና እግሩ ቶሎ ይደክማል። ልጁ መጨመር ያለበት ዋና ነገር ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ 400 ቮልት አካባቢ ይይዛል። ይህ ሰው ይገድላል። ብርቱካናማ ሽቦ (የከፍተኛ ቮልቴጅ ምልክት ነው) ያየ ሠልጣኝ እጁን መሰብሰብ አለበት። መጀመሪያ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይቋረጣል። ቀሪው ኃይል እስኪወጣ በአምራቹ የተጻፈው ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ በመለኪያ ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል። መከላከያ ጓንት የሚደረገውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። ይህን ለማስተማር አዲስ መኪና መግዛት የግድ አይደለም፤ ተጋጭቶ ከጥቅም ውጪ የሆነ አንድ መኪና ባትሪው ባለሙያ አይቶት ይበቃል። ጓንቱና መለኪያው ግን ይቅር የሚባል ነገር አይደለም።

ልጁ ወረዳ ከተማ ከሆነ የሚማረው ሌላ ነው። እዚያ ሥራው ባጃጅ ነው፣ ሞተር ሳይክል ነው፣ አይሱዙና ሲኖትራክ ነው፣ የውኃ ፓምፕና ጀነሬተር ነው። የከተማው ናፍጣ ሞተር ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። አዲስ አበባ ያለውና ወረዳ ያለው ኮሌጅ ሁለቱም «አውቶሞቲቭ» ብለው አንድ ዓይነት ዝርዝር ሲያስተምሩ ማየት ነው የሚገርመኝ። የሙያ ደረጃው አገር አቀፍ መሆኑ ጥሩ ነው። ምሳሌውና የልምምድ ዕቃው ግን ሠልጣኙ ከግቢ ሲወጣ የሚያየው መሆን አለበት።

ልጄ ለትብብር ሥልጠና ጋራዥ ተመድቦ ሻይ ሲያመላልስ ይውላል። ሥልጠና የሚባለው ይሄ ነው?

አይደለም። ግን ሙሉ ጥፋቱ የጋራዡ አይደለም።

በወረቀት ላይ የሥልጠናው 70 በመቶ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን ነው የታሰበው። መሬት ላይ የሚሆነውን እንይ። ልጁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ደብዳቤው «ትብብር እንዲደረግለት» ይላል። ምን መማር እንዳለበት አይልም። ዋና መካኒኩ በዕለቱ ሦስት መኪና አለበት። ባለ መኪኖቹ ደግሞ በር ላይ ቆመው ይጨቀጭቃሉ። ልጁ የሰው መኪና ቢያበላሽ የሚከፍለው መካኒኩ ነው። ልጁ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው የተጻፈ ነገር የለም። በዚህ ሁኔታ ሻይ መላክ ከሁሉም የተሻለ አስተማማኝ ሥራ ነው!

መብራት መያዝ፣ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ፣ «13 ቁልፍ አቀብለኝ» መባል ራሱ ትምህርት ነው። ቁልፍ በዓይኑ የማይለይ መካኒክ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ቢያልፍ አይከፋኝም። በሦስተኛው ወር አሁንም መብራት ከያዘ ነው ችግሩ።

የሚሠራው መፍትሔ ትንሽ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት። እዚያ ላይ ልጁ በቆይታው በእጁ የሚሠራቸው ሥራዎች ይዘረዘራሉ፦ ጎማ መቀየር፣ ፍሬን ሸራ መቀየር፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ ባትሪ መለካት፣ ከዚያ ከበድ ወዳለው። እያንዳንዱን ሲሠራ መካኒኩ ይፈርማል። አሠልጣኙ በየሁለት ሳምንቱ መጥቶ ያልተፈረመውን ይጠይቃል። ለአንድ ጋራዥ አሥር ልጅ አይላክም፤ ሁለት ይበቃል። የጉዳትና የዕቃ መበላሸት ኃላፊነት የማን እንደሆነ ልጁ ከመሄዱ በፊት ተጽፎ ይፈረማል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጀርመንን ይጠቅሳል። እዚያ ሠልጣኙ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ድርጅት ውስጥ ነው፤ ቀሪውን ትምህርት ቤት። የማይጠቀሰው ነገር ልጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ፈርሞ በወር የሚከፈለው መሆኑ ነው፤ ፈተናውንም የንግድና የዕደ ጥበብ ምክር ቤቶቹ ያዘጋጃሉ። ድርጅቱ ስለከፈለበት ሻይ አያስልከውም። የእኛ ምክር ቤቶች እንዲህ ያለ አቅም የላቸውም። ውሉን ግን መኮረጅ ይቻላል።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትም አይሠራም። ሠልጣኝ ተብሎ የተላከ ልጅ የጉልበት ሠራተኛ መተኪያ ሲሆን ካያችሁ ዝም አትበሉ።

አነስተኛ ብረታ ብረት ቤት አለኝ። ሠልጣኝ ብቀበል ምን አገኛለሁ?

መጀመሪያ ላይ ድካም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከወር በኋላ ግን ብረት ቆርጦ የሚያዘጋጅ፣ የሚያሸት፣ የሚቀባ ሰው ይኖርዎታል። ከሁሉም በላይ የሚቀጥሩትን ሰው ሳይቀጥሩ አይተውት ይመርጣሉ። ማስታወቂያ አውጥቶ ከማያውቁት ሰው ጋር ከመጀመር ይሻላል።

ከኮሌጁም በምላሹ ይጠይቁ። ብዙ ኮሌጆች ጋ የእርስዎ ቤት የሌለው ሌዝ ወይም ብረት ማጠፊያ ማሽን አለ፤ ከሰዓት በኋላ ቆሞ የሚውል። «ልጆቻችሁን እቀበላለሁ፣ ማሽናችሁን አስጠቅሙኝ» ማለት ነውር የለውም። ኮሌጁ ስለ ሥልጠናው ስብሰባ ሲጠራም ይሂዱ። የሚበዛው ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ልጁ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ካለፈ ሥራ ያገኛል?

ሲኦሲ ልጁ በደረጃው የተጻፈውን መሥራት መቻሉን ነው የሚያረጋግጠው። ክፍት ቦታ መኖሩን አያረጋግጥም። መንግሥት መሥሪያ ቤትና ትልልቅ ድርጅቶች ወረቀቱን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ያስፈልጋል። ትንሹ ጋራዥ ግን «እስቲ ይቺን ፍታ» ነው የሚለው። ኮሌጆች በሲኦሲ ማለፊያ ብቻ ሲመዘኑ አሠልጣኙ ለፈተናው ያስጠናል። ከተመረቁ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሙያው እየሠራ ነው የሚለው ቢጨመርበት የብዙ ኮሌጅ ደረጃ ይገለበጥ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

እውነት እንነጋገር፤ ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ልጅ የሚገባበት አይደለም?

ለዓመታት የተሠራው እንዲያ ሆኖ ነው። በድሮው ሥርዓት አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ መሰናዶ ያልገባው ነበር የሚላከው። ወላጅ «ወደቀ» ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም።

አሁን ግን ቁጥሩን ይዩ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። በየዓመቱ ከተፈተነው ከአሥር ልጅ ዘጠኙ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ልጅ «ወደቀ» ብሎ የሚዘጋ አገር የለም። ሙያ የሚያስፈልገው የተረፈው ሳይሆን ብዙኃኑ ሆኗል።

ጥርጣሬው ግን ከንቱ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ወጣቶች በብዛት አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ወደ ሙያ ዘርፍ ሲመሩ፣ ብዙ ቤተሰብ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተዘጋባቸው ብሎ አዝኗል። የሙያ ትምህርት መውጫ በር ከሌለው ወላጅ መፍራቱ ልክ ነው። ስለዚህ ልጅዎን ሲያስመዘግቡ ከደረጃ ወደ ደረጃ፣ ከዚያም ወደ ዲግሪ የሚያሳድግ መንገድ በዘርፉ መኖሩን ይጠይቁ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ የሙያ ትምህርት ገብቷል። ከአሁኑ ሙያ መምረጥ አለባቸው?

በፍጹም። በዚያ ዕድሜ ማየትና መንካት ይበቃል። መምህሩ የሰፈሩን አናጺ፣ የወተት ማኅበሩን ሰው፣ የመብራት ሠራተኛውን አንድ ክፍለ ጊዜ ቢጋብዝ መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ይበልጣል።

ሴቶች ልጆችስ?

ምግብ ዝግጅት፣ ስፌት፣ ፀጉር ሥራ። ወንዶች ደግሞ ኤሌክትሪክ፣ አውቶ፣ ብረታ ብረት። ማንም ሕግ አላወጣውም፤ ግን ምዝገባ ቀን ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው «አንቺ ስፌት ይሻልሻል» ይላል። የተሻለ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። ጋራዡ ውስጥ ለሴት መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ አለመኖሩም ትንሽ የሚመስል ትልቅ ምክንያት ነው። ለሥራ ልምምድ ከመላኳ በፊት ይታይላት።

እኛ አካባቢ ያለው ወጣት የሚያስበው ዓረብ አገር ነው። ይህስ «የአካባቢ ፍላጎት» ነው?

ነው። መካድ አይጠቅምም። ሕጋዊው የውጭ አገር ሥምሪት ራሱ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ኮሌጆች የቤት አያያዝና የእንክብካቤ ሥልጠና ይሰጣሉ። ሥልጠናው ግን ወረቀት ለማግኘት ብቻ በጥድፊያ ሲሰጥ ልጅቷ እዚያ ሄዳ ነው ዋጋውን የምትከፍለው። ኤሌክትሪክ ምድጃና ማጠቢያ ማሽን በእጇ ነክታ ትሂድ። ውሏን ማንበብ ትወቅ። ለመግባባት የሚበቃ ዓረብኛ ትያዝ። ስትመለስ የምትሠራበት ነገርም፣ ለምሳሌ የአረጋውያን እንክብካቤ ወይም ምግብ ዝግጅት፣ ከአሁኑ ቢታሰብበት ጥሩ ነው።

አሜሪካ ነው ያለነው። የልጄ ካውንስለር «ሲቲኢ» የሚባል ክፍል ልታስገባው ነው። እምቢ ልበል?

ቶሎ አይበሉ። ሲቲኢ የእኛው ሙያና ቴክኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ፣ ፐርኪንስ ፋይቭ የሚባለው፣ ገንዘቡን የሚወስዱ የትምህርት አስተዳደሮች በየሁለት ዓመቱ የአካባቢያቸውን የሥራ ፍላጎት እንዲያጠኑ ያስገድዳል። ሲያጠኑም ቀጣሪና ወላጅ ማማከር አለባቸው። ወላጅ ሲባል እርስዎም ነዎት፤ ስብሰባው ሲጠራ አስተርጓሚ ጠይቀው ይግቡ።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ቶማስ ኤዲሰን የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤትን ሳታውቁት አትቀሩም። ተማሪው የቀኑን ግማሽ እዚያ ሙያ ይማራል፤ ሌላውን ግማሽ በመደበኛ ትምህርት ቤቱ ነው። ኮሌጅ መግባትን አይከለክልም። ካውንስለሯን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ልጁ ሲጨርስ የትኛውን ሰርተፊኬት ይዞ ይወጣል? የኮሌጅ ክሬዲትስ ይያዝለታል? ሁለቱም መልስ ካላቸው «ሐኪም ወይም ኢንጂነር» የሚለውን የቤታችንን ሕግ ትንሽ ላላ ማድረግ ይቻላል።

ኮሌጅ ልጎበኝ ነው። ምን ልይ?

በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሂዱ። ዎርክሾፕ ይግቡ። ፕላስቲኩ ያልተላቀቀ ማሽን ካዩ ለምን እንደቆመ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ሦስት ፌዝ መብራት የለንም» ወይም «የሚያስነሳው ሰው አልሠለጠነም» ነው። አሠልጣኙ ለመጨረሻ ጊዜ ፋብሪካ ወይም ጋራዥ ውስጥ የሠራው መቼ እንደሆነም ይጠይቁት። ቅር አይለውም፤ ጎበዝ ከሆነ በደስታ ያወራዎታል።

ያለፈው ዓመት ተመራቂዎችን ስልክ ይዘው እንደሆነ ይጠይቁ። ፈቃደኛ የሆኑትን ሁለት ሦስቱን ደውለው የት እንደሚሠሩ ይስሙ።

በመጨረሻም የልምምድ ዕቃ። ብየዳ በቃል አይለመድም፤ ኤሌክትሮድ መቃጠል አለበት። የብየዳ ክፍል ከሆነ የሄዱት አንድ ሠልጣኝ በሳምንት ስንት ኤሌክትሮድ እንደሚሰጠው ይጠይቁ። ቁጥሩን ሳያመነታ የሚነግርዎት አሠልጣኝ ካገኙ ልጁን ያስመዝግቡት።